ጎልጎታ ለምን ሁለት ሆነ?

ጥያቄ፦ «ባለፈው ፋሲካ ከማኅበራችን ጋር ኢየሩሳሌም ተሳልሜ መጣሁ። ጎልጎታ ገባሁ፤ ዴር ሱልጣንም ከአባቶች ጋር አደርኩ። ቤት ስመለስ የእህቴ ባል ፎቶዎቹን አየና ‹ይሄማ ትክክለኛው ቦታ አይደለም› አለኝ። ‹መጽሐፍ ከከተማ ውጭ ተሰቀለ ነው የሚለው፤ እናንተ የሄዳችሁት መሀል ከተማ ነው። እውነተኛው ከደማስቆ በር ውጭ ያለው የአትክልቱ መቃብር ነው፤ ሳይንቲስቶችም አረጋግጠዋል› አለ። ዩቲዩብ ላይ የራስ ቅል የሚመስል ገደል አሳየኝ። እውነትም ይመስላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም። የቱ ነው እውነተኛው?»

ምላሽ፦ የእህትዎ ባለቤት አንዱ ላይ ልክ ናቸው፤ ሁለቱ ላይ ተሳስተዋል። ክርስቶስ ከከተማ ውጭ መሰቀሉ ልክ ነው። የዮሐንስ ወንጌል ለከተማ ቅርብ የሆነ ስፍራ ይለዋል፤ የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ከበር ውጭ መከራ ተቀበለ ይላል። የመጀመሪያው ስሕተት «ውጭ» የሚለውን ቃል በዛሬው ቅጥር መለካታቸው ነው። ሁለተኛው «ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» ማለታቸው ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ከቅጥሩ ልጀምር። ዛሬ ሁሉም ፎቶ የሚነሳበት የኢየሩሳሌም ቅጥር በክርስቶስ ዘመን አልነበረም። ያሠራው የቱርኩ ሱልጣን ሱሌይማን ሲሆን ሥራው በ1541 አካባቢ ነው ያለቀው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በደማስቆ በር ወጥቶ «አሁን ከከተማ ወጣሁ» የሚል ሰው የሚወጣው ከሱሌይማን ከተማ ነው። በስቅለት ጊዜ የነበረው የሰሜን ቅጥር ከዚህ ወደ ደቡብ ገባ ያለ ነበር። ከስቅለቱ ከአሥር ዓመት ግድም በኋላ፣ ከ41 እስከ 44 ዓ.ም. የገዛው ሄሮድስ አግሪጳ በሰሜን በኩል ሌላ ቅጥር ጀመረ። ሰፈሩን ወደ ከተማ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። ሌላ ተአምር የለበትም። አያቶቻችን ጫካ የሚሉት ቦሌም ዛሬ መሀል አዲስ አበባ ሆኗል።

«ታዲያ በፊት ውጭ እንደነበረ በምን ይታወቃል?» የሚሉ ከሆነ፣ መልሱ እርስዎ ከቆሙበት ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ከመቃብሩ ድንኳን ጀርባ፣ በምዕራብ በኩል፣ የሶርያ ኦርቶዶክሶች የሚቀድሱበት ጸሎት ቤት አለ። ግድግዳው በእሳት የጠቆረ፣ ያረጀ፣ አብዛኛው ተሳላሚ ዞር ብሎ የማያየው ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ዝቅ ያለ ቀዳዳ አለ። ስልክዎን ሲያበሩ ከዓለቱ የተፈለፈሉ ጠባብ ጉድጓዶች ያያሉ። እንደ ዳቦ ምድጃ ወደ ውስጥ የረዘሙ፣ አንዳንዱ አንድ ሬሳ የሚያስገባ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አካባቢ አይሁድ ሙታናቸውን የሚቀብሩት እንዲህ ነበር። አይሁድ ደግሞ በከተማ ውስጥ አይቀብሩም። መቃብር ካለ ቦታው ያኔ ውጭ ነበር ማለት ነው። እንግሊዛዊቷ አርኪዮሎጂስት ካትሊን ኬንየን በ1960ዎቹ ከዚህ በስተደቡብ፣ ሙሪስታን በሚባለው ሰፈር ስትቆፍር ያገኘችውም ቤት ሳይሆን የድንጋይ ካባ ነው። ድንጋይ እየፈለጡ የሚወስዱበት፣ በኋላ የተተወ ጉድጓድ። አካባቢው ሁሉ እንዲያ ነበር፤ የተፈለጠ ዓለት፣ መሀል መሀሉ ላይ መቃብር፣ አፈር በያዘው ላይ አትክልት። በ2022 በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ስር ቁፋሮ የጀመሩት የሮማው ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችም የወይራና የወይን ተክል ርዝራዥ አግኝተናል ብለዋል። የዘመኑን ጉዳይ ገና እየመረመሩት ስለሆነ ይህኛውን ለክርክር አይቸኩሉበት።

ሁለተኛው ማስረጃ የሰው ትዝታ ነው። የሮማው ንጉሥ ሐድርያን በ130ዎቹ ኢየሩሳሌምን እንደ ሮማ ከተማ አድርጎ ሲሠራት፣ ቦታው ላይ አፈር ሞልቶ የአረማውያን መቅደስ አቆመበት። በዚያው ክፍለ ዘመን የሰርዴሱ ኤጲስ ቆጶስ መሊጦን ክርስቶስ «በኢየሩሳሌም መካከል» ተገደለ ብሎ ሰበከ። ወንጌል «ውጭ» እያለ እሱ «መካከል» ማለቱ ግራ ያጋባል። በእሱ ዘመን ክርስቲያኖች የሚያሳዩት ቦታ መሀል ከተማ ገብቶ ከነበረ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም። ከዚያ በ325 ግድም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ሲል የኢየሩሳሌሙ ኤጲስ ቆጶስ መቃርዮስ ያመለከተው ይህንኑ ቦታ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። ሰውየው ቦታ ፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ከቅጥሩ ውጭ ባዶ መሬት ሞልቶለታል። ወንጌሉንም ያውቀዋል። እሱ ግን «ውጭ» ከሚለው ቃል ጋር በዓይን የሚጋጭ፣ ላዩ ላይ ትልቅ መቅደስ የተሠራበት፣ ለማፍረስና አፈሩን ለመዛቅ ብዙ ገንዘብ የሚበላ ቦታ መረጠ። እንዲህ ያለ የማይመች ነገር የሚመርጥ ሰው ከአባቶቹ የሰማው ነገር ቢኖረው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ335 ተመረቀ።

ታዲያ ሁለተኛው ጎልጎታ ከየት መጣ? ጥያቄዎ የእኔ ሥራ ክልል ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ጎልጎታ የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ልጅ አይደለም። የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አባቶቹ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የአሜሪካ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ጥርጣሬውን አፍ አውጥቶ የተናገረው ጀርመናዊው መጽሐፍ ሻጭ ዮናስ ኮርተ ነው። በ1738 ኢየሩሳሌምን ጎብኝቶ፣ ልክ እንደ እህትዎ ባለቤት፣ «ይህማ ከተማ ውስጥ ነው» አለ። ብዙ ሰው አልሰማውም። ነገሩን ክብደት የሰጠው ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው አሜሪካዊ ነው፤ ኤድዋርድ ሮቢንሰን። በጀርመን የተማረ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ነበር። በ1838 ዓረብኛ አቀላጥፎ ከሚናገረው ሚስዮናዊ ኢላይ ስሚዝ ጋር ሆኖ ኮምፓስ፣ ቴርሞሜትርና የመለኪያ ጥብጣብ ይዞ አገሩን አሰሰ። ደንቡ ግልጽ ነበር። የገዳማቱን ወሬ አትመን፤ መጽሐፍ ቅዱስህን ያዝ፤ ከዚያ የአገሩን ገበሬ ጠይቅ።

ዘዴው ድንቅ ፍሬ አፈራ፤ ይህንን መካድ ነውር ነው። ገበሬው መንደሩን «አል ጂብ» ሲለው ሮቢንሰን ገባዖንን ሰማ። «አናታ» ሲለው የኤርምያስን አገር ዓናቶትን፣ «ሰይሉን» ሲለው ሴሎን፣ «ሙኽማስ» ሲለው ማክማስን ሰማ። እንዲህ እያለ ብዙ የጠፉ ስሞችን ከመሬታቸው ጋር መልሶ አገናኘ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከ1956 ጀምሮ፣ አል ጂብ ላይ ቁፋሮ ሲካሄድ በጥንት ዕብራይስጥ ገባዖን የሚል የተጻፈባቸው የጋን እጀታዎች ወጡ። መጽሐፍ ቅዱስዎ ጀርባ ላይ ያለው ካርታ አብዛኛው መሠረቱ ሮቢንሰን በበቅሎ የሄደው ያ ጉዞ ነው።

ግን ያልተስተካከለ ሚዛን ይዞ ነበር። ገበሬ ከአያት ቅድመ አያቱ የሰማው ስም እውቀት ነው። መነኩሴ ከአያት ቅድመ አያቱ የሰማው ቦታ ግን ተረት ነው። ሁለቱም ያው የሰው ትዝታ ናቸው፤ እንዲያውም ስለ ጎልጎታው መነኩሴው ጽሑፍም ነበረው። ሮቢንሰን ግን ጎልጎታ ሲደርስ በሩን ዘጋ። ቦታው ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ፤ በእሱ ስም ክብደት የተነሳ ይህ በፕሮቴስታንቱ ዓለም ውስጥ እንደ ተፈረደ ነገር ተቆጠረ።

ለምን? አንዱ ምክንያት ፕሮቴስታንቶቹ ያዩት ነገር ነው። ከእንግሊዝ አገር ባዶ ግድግዳና ጸጥ ያለ ስብከት ለምዶ የመጣ ሰው፣ ጎልጎታ ሲገባ ዕጣን፣ መቶ ቀንዲል፣ በአምስት ቋንቋ የሚዜም ዜማ፣ የሚጋፋ ሕዝብ ያጋጥመዋል። እኛን የሚያስለቅሰን እነሱን ይጎረብጣቸዋል። በ1834 ደግሞ በቅዳሜ ሹር፣ የብርሃኑ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ በተነሳ ግፊያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። እንግሊዛዊው ሮበርት ከርዞን እዚያው ነበር፤ ያየውን ጻፈ። ያነበበ ሁሉ ቦታውን በዚያ ሥዕል ያዘው።

ሌላው ምክንያት ደግሞ የቦታ ጉዳይ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ድርሻ ያላቸው ስድስት ናቸው፤ ግሪኮች፣ ላቲኖች፣ አርመኖች፣ ግብጾች፣ ሶርያውያንና እኛ። ቱርኮች በ1852 ‹ሁሉም ባለበት ይርጋ› ብለው ዘጉት። ፕሮቴስታንቶች አንዲት ጥግ እንኳ የላቸውም። የመጀመሪያው የፕሮቴስታንት ኤጲስ ቆጶስ ወደ ኢየሩሳሌም የተሾመው ገና በ1841 ነው፤ እንግሊዝና ፕሩሲያ ተስማምተው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣውን እርስዎም ስሙን ሳይሰሙ አይቀሩም፤ በ1830ዎቹ ጎንደር ላይ ያስተማረው ሳሙኤል ጎባት ነው። በዴር ሱልጣን ጉዳይም ለኢትዮጵያ መነኮሳት ከቆሙት አንዱ ነበር። ይህን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም ውስጥ ቀዳዳ የሌለው ሰው ሁሉ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። የእኛዎቹ ያላቸውን ላለማጣት ዴር ሱልጣን ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ተኝተዋል። አውሮፓውያኑ አዲስ ለማግኘት ከቅጥሩ ውጭ ያማትራሉ።

በመሀሉ ካርታው መጣ። ኢየሩሳሌም ጥሩ የሚጠጣ ውኃ አልነበራትም። አንጄላ በርዴት ኩትስ የምትባል ባለጸጋ እንግሊዛዊት 500 ፓውንድ ሰጠችና በ1864 የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ከተማዋን ለክተው ካርታ ማንሳት ጀመሩ። መሪያቸው ቻርልስ ዊልሰን የሚባል መኮንን ነው። ይህን ስም ይያዙልኝ፤ ይመለሳል። በ1865 ለንደን ላይ ለፍልስጥኤም ጥናት ማኅበር ተቋቋመ። የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ በምሥረታው ላይ ተነስተው፣ ይህች አገር የእኔና የእናንተ ናት፤ በቁመቷም በወርዷም እንሄድባታለን የሚል ንግግር አደረጉ። አገሪቱ ውስጥ ሰው ይኖርባታል፤ መንግሥትም አላት። እሳቸው ግን መጽሐፉን ከልጅነታቸው ያነበቡት ስለሆነ አገሩም የእነሱ መሰላቸው። ከ1871 እስከ 1877 መሐንዲሶቹ ምዕራብ ፍልስጥኤምን በሙሉ ለክተው በ26 ገጽ ካርታ አወጡ። ከለኪዎቹ አንዱ በኋላ ሱዳንን የወጋው ኪችነር ነው። ሳይንስ ነው፣ እምነት ነው፣ ወይስ የጦር ስለላ? ሦስቱም በአንድ ላይ ነበር። አንዱን ብቻ ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎ አይመኑት።

አሁን ወደ ራስ ቅሉ ገደል። ቦታው ጎልጎታ ሊሆን ይችላል ያለው የመጀመሪያ ሰው ጀርመናዊው ኦቶ ቴኒዩስ ነው፤ ይህም በ1842 ነው። ሌሎችም ደገሙት። ዝናውን ያገኘው ግን በጎርደን ነው። አዎ፣ ጎርደን ፓሻ፤ በ1879 የግብጽ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ሳይስማማ የተመለሰው ጄኔራል። በ1883 ሥራ ፈትቶ ኢየሩሳሌም ተቀመጠ። ጎርደን ደፋር ወታደርና ከልቡ የሚጸልይ ሰው ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነበው ግን እንደ ምስጢር ኮድ ነው። ኤደን ገነት ሲሸልስ ደሴቶች ውስጥ ናት ብሎ የጻፈም እሱ ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ይሄዳል። በኦሪት ዘሌዋውያን የሚቃጠለው መሥዋዕት ከመሠዊያው በስተሰሜን ይታረዳል። ስለዚህ ክርስቶስም ከመቅደሱ ሰሜን መሰቀል አለበት። ወንጌል ደግሞ «የራስ ቅል ስፍራ» ይላል። ራስ ካለ አካል አለ። ካርታውን ዘርግቶ የከፍታ መስመሮቹን ሲከተል፣ ከተማዋ እንደ ተጋደመ ሰው ታየችው። ራሱ ሰሜን ያለው ኮረብታ ነው፤ ሌላው አካል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ኮረብታው ላይ ያለ አንድ መስመር ክብ ሆኖ የራስ ቅል ቅርጽ ሰጠው። ካርታው የእንግሊዝ መሐንዲሶቹ የለኩት ነው። በዓለቱ ላይ ያሉት ሁለት ጉድጓዶች ደግሞ ዓይን መሰሉ። አለቀ። ቁፋሮ የለም፤ የጥንት ጽሑፍ የለም፤ የአገሬው ትዝታ የለም። ዩቲዩቡ «ሳይንስ» የሚለው መነሻው ይህ ነው።

የጎርደን መጨረሻ ይታወቃል። በጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ካርቱም ላይ የማህዲ ሰዎች ገደሉት። ሊያድነው በመርከብ ወደ ካርቱም የደረሰው ጦር ሁለት ቀን ዘግይቶ ነበር። የመርከቦቹ አዛዥ ማን መሰለዎ? ያ ቻርልስ ዊልሰን፤ የኢየሩሳሌምን ካርታ ያነሳው ሰው። ዊልሰን በእርጅናው ስለ ጎልጎታ አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከሞተ በኋላ በ1906 ታተመ። ከተማዋን ክንድ በክንድ የለካት ሰው ነው። የሟቹን ጀግና ሐሳብ አልተቀበለም፤ ስለ ጥንቱም ቦታ እምላለሁ አላለም። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የማከብረው ፈረንጅ እሱን ነው።

አገሩ እንግሊዝ ግን ልቡ ከጎርደን ጋር ነበር። ሰማዕት ሆኗል፤ ሰማዕት ያመለከተው ቦታ ደግሞ አይሸጥም፤ ይገዛል። ከገደሉ አጠገብ ባለው መሬት ላይ በ1867 ባለመሬቱ ያገኘው አንድ ጥንታዊ መቃብር ነበር። በ1894 የእንግሊዝ ምእመናን 2,000 ፓውንድ አዋጥተው መሬቱን ከነመቃብሩ ገዙ። አበባ ተከሉ፤ ወንበር ደረደሩ። ፕሮቴስታንቱ በኢየሩሳሌም ተንበርክኮ የሚጸልይበት ቦታ አገኘ።

አርኪዮሎጂው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስራኤላዊው ገብርኤል ባርካይ መቃብሩን ከአጎራባቾቹ ጋር አስተያየው። ከግንቡ ማዶ የዶሚኒካን መነኮሳት ግቢ አለ፤ እዚያ ያሉት መቃብሮች የይሁዳ ነገሥታት ዘመን ናቸው። የአትክልቱ መቃብርም ከእነሱ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሁለቱ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ እኔ ሶርያውያኑ ጸሎት ቤት ውስጥ እንዲያዩ የነገርኩዎ ዓይነት የረዘመ ጉድጓድ የለውም። ዘመኑ ስምንተኛው ወይም ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። የአርማትያሱ ዮሴፍ ሲወለድ መቃብሩ ቢያንስ ስድስት መቶ ዓመት ሞልቶታል። ዮሐንስ ደግሞ «ማንም ገና ያልተቀበረበት አዲስ መቃብር» ይላል። ይህን የሚያስታርቅ መንገድ የለም። ከበሩ ፊት ያለው ቦይ፣ አስጎብኚ «ድንጋዩ የተንከባለለበት» የሚለው፣ በመስቀል ጦረኞች ዘመን ከብት የጠጣበት ገንዳ ነው። ገደሉም ድንጋይ ሲፈለጥበትና ዝናብ ሲበላው የኖረ ነው፤ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ፊት እንደነበረው የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። አሁን ከሥሩ የአውቶቡስ ጣቢያ ነው። ለነገሩ ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱም «ተራራ» አላለም። ስፍራ ነው ያሉት። ተራራውን የጨመርነው እኛና ሠዓሊዎች ነን።

አሁን እርስዎም ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ይዘው ሄደው «የኛው ተረጋገጠ» እንዳይሉ። አልተረጋገጠም። በ2016 የአቴንስ ባለሙያዎች መቃብሩን ሲያድሱ የእብነ በረዱን ሰሌዳ አነሱ፤ ከሥሩ ሌላ ሰሌዳ ተገኘ። የማጣበቂያው ኖራ ሲመረመር 345 ዓ.ም. ገደማ ወጣ። ይህ የሚያሳየው ዛሬ የምንሳለመው ቆስጠንጢኖስ ያከበረውን መቃብር መሆኑን ነው። ከቆስጠንጢኖስ ወደ ኋላ ያለውን ሦስት መቶ ዓመት ኖራ አይነግረንም። በሰፈሩ ካሉት መቃብሮች ይህኛው የጌታ ነው ያሉት በምን ምልክት እንደሆነ በዘመኑ የነበረው ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስም አልጻፈልንም። ዓለቱ ራሱ ብዙ ተጎድቷል፤ በ1009 ኸሊፋ አል ሐኪም ሲያስፈርሰው አብዛኛው ሄዷል። እንግዲህ ልኩ ይህ ነው። ለጥንቱ ቦታ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ የሚቃወመው ቁም ነገር አልተገኘም፤ የመጨረሻው ማኅተም ግን የለም። ለአትክልቱ መቃብር ደግሞ ማስረጃ የለም፤ የሚቃወመው ግን አለ።

የመስቀሉን መንገድም እንዲሁ በልክ ይያዙት። አሥራ አራቱ ማቆሚያዎች እንደ አሁኑ የተደረደሩት በፍራንሲስካውያን እጅ፣ ክርስቶስ ከተሰቀለ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። የሚጸለይበት መንገድ ነው እንጂ የተለካ መንገድ አይደለም። «ይህ ድንጋይ ላይ እጁን አሳረፈ» የሚል አስጎብኚ ሲያጋጥምዎ ፈገግ ብለው ይለፉ። በተለይ ቀጥሎ ወደ ሱቅ የሚወስድዎ ከሆነ።

ምክሬን በቀጥታ ልንገርዎ። ጥያቄው የታሪክ ከሆነ፣ የተሳለሙት ቦታ ላይ ይጽኑ። የእህትዎን ባለቤት ግን በዚህ አያሸማቅቁ። በሚቀጥለው ዓመት ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ሁለቱንም ቦታ አብረው ይዩ። የአትክልቱ መቃብር ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ለመጸለይ የሚመች ግቢ ነው። ጠባቂዎቹም በትሕትና ነው የሚያነጋግሩት፤ ቦታው ይህ ካልሆነም ትንሣኤው አይቀርም ይላሉ እንጂ ‹እውነተኛው የኛ ነው› ብለው ሙግት አይገጥሙም። ከእነሱ ይልቅ አፍ ሞልቶ የሚከራከረው ከዚህ ዩቲዩብ የሚያየው ነው። እዚያ ተቀምጠው በዮሐንስ ወንጌል ያለውን የአትክልቱን ምዕራፍ ቢያነቡ ኃጢአት አይሆንብዎትም። የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን መቃብር ምን ይመስል እንደነበረ ለማየት ግን ወደ ሶርያውያኑ ጸሎት ቤት ይመለሱ። በጠዋት ይሂዱ፤ ከረፋድ በኋላ መቃብሩን ለመሳለም የሚሰለፈው ሰው መግቢያውን ይዘጋዋል። ነጠላዎን ሰብሰብ ያድርጉ፤ ቀዳዳው ዝቅተኛ ነው፤ ዓለቱም በጥቀርሻ ያቆሽሻል። ስልክዎንም ቻርጅ አድርገው ይግቡ፤ ውስጡ ጨለማ ነው።